ሚካሳን ያለ ኮላና ያለ ቀለም አዲስ አበባ ላይ እንዴት ልገጣጥማት?

ጀማሪው_ባሕርተኛ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ ለትምህርት ጃፓን ቆይቶ ባለፈው ወር ተመለሰ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሹራብና ቸኮሌት፣ ለኔ ግን አንድ ትልቅ ሳጥን። ውስጡ ሚካሳ የምትባለዋ የጃፓን የጦር መርከብ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል አለች። ሀሴጋዋ የሚባለው የጃፓን ሞዴል ፋብሪካ ሥሪት ናት፣ መጠኗ 1/350፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 350 ጊዜ ያነሰች። ወንድሜ ዮኮሱካ የሚባለው የጃፓን ወደብ ሄዶ እውነተኛዋን መርከብ አይቷታል፣ ወለሏ ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶም አሳየኝ። እኔ እንደምወድ ስለሚያውቅ ከሳጥኑ ጋር ኮላውንም፣ ቀለሙንም፣ ቡሩሹንም አሟልቶ ገዝቶ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ግን ኮላውና ቀለሙ ተቀጣጣይ ነው ተብሎ ቀረ። ሕጉ ነው፣ ምንም ማለት አይቻልም። ቡሩሾቹ ብቻ ደረሱልኝ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳጥኑን እየከፈትኩ እዘጋለሁ። ክፍሎቹ ከክፈፋቸው ሳይነቀሉ ተደርድረው ሳያቸው ልቤ ይፈራል፣ አንዳንዱ ከምስር ፍሬ ያንሳል። እናቴ ትናንት «ወይ ሥራው ወይ ከአልጋ ሥር አስገባውና ጠረጴዛዬን መልስልኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በልጅነቴ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ከመሥራት ውጪ ልምድ የለኝም። እቤት ያለው ሱፐር ግሉ እና ማስቲሽ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ «አሴቶን ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ እሱን ቀባ ቀባ አድርገህ አጣብቀው» አለኝ፣ እውነት ነው ወይስ መርከቤን ሊያጠፋብኝ ነው? ቀለሙንስ? ሳጥኑ ላይ የተሳለችው ጠቆር ያለች ግራጫ ናት፣ የወንድሜ ፎቶ ላይ ያለችው ግን ፈካ ትላለች። የትኛውን ልመን? ከምሰሶ ምሰሶ የሚዘረጋው ገመድስ በምን ይሠራል? የልብስ ስፌት ክር ዘርግቼ ባየው የልብስ ማስጫ መሰለ።

አትሳቁብኝ እሺ።

ስስ_እጅ፦

እንኳን ደስ አለህ፣ ጥሩ ሳጥን ነው የደረሰህ። እኔ ቨርጂንያ ነው ያለሁት። እስካሁን 11 መርከብ ሠርቻለሁ፣ ለእንግዳ የማሳየው ሦስቱን ብቻ ነው።

በኮላው ልጀምር። ማስቲሹን ለጫማህ ተወው። ክር ክር ይላል፣ ይወፍራል፣ በዚያ ላይ ሽታው ጤና ይነሳል። ያንተ መርከብ የተሠራችበት ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል። ለሱ ተብሎ የሚሸጠው ኮላ እንደ ሙጫ አይደለም የሚሠራው። ሁለቱን ጠርዝ ያሟሟቸዋል፣ እነሱ ይዋሃዳሉ፣ ኮላው ራሱ ተንኖ ይሄዳል። ብየዳ በለው። ሱፐር ግሉ ግን በሁለቱ መሃል ደርቆ የሚቀር ነገር ነው። ቢሆንም ይሠራል፣ ብዙ ሰው በሱ ብቻ ጨርሶ አይቻለሁ። ችግሩ ችኩል መሆኑ ነው፣ በሰከንድ ይይዝሃል፣ አጣመምክ ብሎ አይመልስልህም።

ስለዚህ ከጠርሙሱ በቀጥታ አታንጠባጥብ። የሃይላንድ ክዳን ላይ አንድ ጠብታ አውጣ፣ በስቴኪኒ ጫፍ ወይም በመርፌ እየነካህ ቀባ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱን ክፍል ያለ ኮላ ገጥመህ እየው። ይሄ ነገር ሲባል ቀላል ይመስላል፣ ማንም አይሰማም፣ እኔም አልሰማሁም። የመጀመሪያዋ መርከቤ ላይ የቀፎውን (የመርከቧን ዋና አካል) ሁለት ግማሽ ሳልለካ አጣበቅኩ፣ አፍንጫዋ ላይ ገጠመ፣ ኋላዋ ላይ ግን ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። በእጄ ጨምቄ ይዤ ልቀመጥ ብዬ አውራ ጣቴ አብሮ ተጣበቀ። አሻራዬ ዛሬም ቀፎው ላይ አለ። ፖሊስ ቢፈልገኝ እዚያ ያገኘኛል።

ቀፎውን ስትገጥም ከአፍንጫው ጀምር፣ ሦስት አራት ጣት ያህል ብቻ አጣብቅና ጠብቅ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቀጥል። በላስቲክ ወይም በስኮች ያዘው። ክፍተት ከቀረ የመኪና ስቱኮ በስሱ ቀብተህ በብርጭቆ ወረቀት እያራስክ ፈትግ። ደቃቁን ወረቀት ግዛ፣ የአናጢውን ሻካራ አይደለም። ክፍሎቹን ከክፈፉ በእጅህ ጠምዝዘህ አትንቀል፣ ጥፍር መቁረጫ ይበቃል፣ ትንሽ ጉቶ አስቀርተህ ቁረጥና ጉቶውን በምላጭ አስተካክል። የጥፍር ሞረድም ይሆናል።

ቀለም ከመቀባትህ በፊት ሁሉንም በላርጎና በለብ ያለ ውሃ እጠበው። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት አለ፣ እሱ ካልለቀቀ ቀለሙ አይዝም። ከዚያ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠውን ግራጫ ፕራይመር ስፕሬይ (ከዋናው ቀለም በፊት የሚነፋውን) ፈልግ። ግን መጀመሪያ የሚጣለው ክፈፍ ላይ ሞክረው፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ ይበላል። ሁለት ስንዝር ያህል ራቅ ብለህ፣ በጣም ስስ አድርገህ፣ እያደረቅክ ደጋግም። ከፕራይመሩ በላይ ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት አክሪሊክ ይበቃሃል። ጥቁርና ነጭ ቱቦ ግዛ፣ ትንሽ ሰማያዊም ያዝ። በውሃ አቅጥነህ ሦስት ጊዜ ቀባ። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጌ ልገላገል ካልክ ዋጋህን ታገኛለህ። አስበው፣ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሆነ ቀለም በ1/350 ሲመነዘር ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። እውነተኛ መርከብ ላይ ሦስት ሳንቲ ተኩል ውፍረት ቀለም የቀባ ባሕርተኛ የለም።

መጠንን ካነሳን አንድ የሚገርመኝን ልንገርህና ልሂድ። የእውነተኛዋ ሚካሳ ርዝመት 132 ሜትር ገደማ ነው፣ ያንተዋ ስታልቅ 37 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ትሆናለች። መደርደሪያዬ ላይ ያለችው ያማቶም፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነቷ ትልቅ የጃፓን የጦር መርከብ፣ 37 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ናት። ጎን ለጎን ብታያቸው እኩዮች ይመስላሉ። ግን የኔዋ በ1/700 ነው የተሠራችው፣ እውነተኛዋ ያማቶ 263 ሜትር ነበረች፣ የሚካሳ እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ያንተ ሣጥን ትልቅ መርከብ አሳንሶ ሳይሆን መካከለኛ መርከብ በደንብ አጉልቶ ነው የሰጠህ። ለጀማሪ ይሄ ይሻላል። የኔ ያማቶ ላይ ያሉትን አነስተኛ መድፎች በወረንጦ ስይዝ ትንፋሼን ነው የምይዘው፣ አንዱ ተስፈንጥሮ ምንጣፍ ውስጥ ከገባ በቃ፣ ነፍስ ይማር።

ደሞ ብታበላሽ አይግረምህ። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ሞዴል ሠሪ ድርጅት ራሱ በ1960 እ.ኤ.አ. ከእንጨት ወደ ፕላስቲክ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ያማቶ ነበረች፣ ገበያ ላይ አልቀናውም። ዛሬ ስሙን የማያውቅ ሞዴል ሠሪ የለም።

ጥፍር_በጥፍር፦

ወይኔ የአሴቶን ወሬ ስትነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ፣ ጥፍር ቤት ነው የምሠራው። አሴቶን ቀኑን ሙሉ እጄ ላይ ነው። ጓደኛህ ያለው ግማሹ ልክ ነው፣ ፕላስቲክ ያቀልጣል። ግን ምን ዓይነት አድርጎ እንደሚያቀልጥ ልንገርህ። አንድ ቀን ክዳኑ ያልተገጠመ አሴቶን የፕላስቲክ ማስቀመጫዬ ላይ ፈሰሰ። ወዲያው ጠረግኩት፣ ግን የነካው ቦታ ነጣ፣ ከዚያ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ፣ በሳምንቱ ጥጉ ተሰብሮ ወደቀ። ቶሎ ስለሚተን ለማጣበቅ ጊዜ አይሰጥህም፣ ለማበላሸት ግን ጊዜ አያጣም። ተወው። ጣትህ ላይ የደረቀ ሱፐር ግሉ ለማስለቀቅ ግን ጥሩ ነው፣ ለሱ ያዘው። መርከቧን ራቅ አድርገህ!

ስለ ቡሩሽ ካላችሁ እኛ ሙያ ውስጥ አበባ መሳያ የሚባሉ ቡሩሾች አሉ፣ ጫፋቸው ሁለት ሦስት ፀጉር ብቻ ነው። የውበት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ፣ መርካቶም አይጠፋም። ሞዴል ሠሪዎች በሦስት እጥፍ ዋጋ የሚገዙትን እዚያ በርካሽ ታገኛለህ። ወረንጦም እዚያው ውሰድ፣ ጫፉ ጎበጥ ያለውን፣ ሽፋሽፍት ለመትከል የምንጠቀምበትን። ለአይን ሽፋሽፍት የሆነ ወረንጦ ለመድፍ አያንስም።

አሁን ዋናው። ገመዱን በስፌት ክር አትሥራ፣ ጸጉር ጸጉር ይላል፣ በዚያ ላይ ወፍራም ነው። የእህትህን ወይም የእናትህን የሹሩባ ቅጥል ፀጉር አንድ ዘለላ ለምን። ጥቁር ነው፣ ቀጭን ነው፣ ርዝመቱ እንደ ልብህ። እኔ የወንድሜን ልጅ የመርከብ ሞዴል በሱ ነው የዘረጋሁለት፣ አባቱ እስከዛሬ ልዩ ክር ገዝቼ የመጣሁ ነው የሚመስለው። በስቴኪኒ ጫፍ ሱፐር ግሉ ነክተህ አንዱን ጫፍ ያዝ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ሌላውን ጎትተህ ያዝ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትሞክር።

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ዙሪያውን ነጭ ጉም የሚመስል ነገር ይተዋል፣ ቀለም የተቀባ ነገር ላይ በደንብ ይታያል። ያበዛህ ለት ነው የሚብስብህ። መስኮት ከፍተህ ሥራ፣ ለሳንባህም ይጠቅማል።

የምጽዋው፦

ልጄ፣ እኔ ሞዴል ሠርቼ አላውቅም። ግን ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው የጎለመስኩት፣ ስለ ግራጫ ቀለም ከማንም በላይ አውቃለሁ ብል ማጋነን አይሆንም፣ ግማሽ ዕድሜዬን ስፍቀውና ስቀባው ነው ያለፈው። ዋና መርከባችን «ኢትዮጵያ» ነበረች፣ ድሮ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንብረት ነበረች። እሷን የቀባ ሰው ግራጫ አንድ ቀለም አለመሆኑን ያውቃል። ዛሬ የቀባኸው ጎን ከወር በፊት ከተቀባው ጎን ጋር አይመሳሰልም። ፀሐዩና ጨዉ ያነጣዋል።

ጃፓኖቹም እንደዚያው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኩሬ፣ ሳሴቦ፣ ማይዙሩ፣ ዮኮሱካ የነበሩት የባሕር ኃይል መሥሪያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ግራጫ ነበራቸው፣ ዛሬ ቀለም ነጋዴዎቹ በየወደቡ ስም ለይተው ይሸጡታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ያንተዋ ግን ከዚያ ትቀድማለች። እንግሊዝ አገር ባሮው ላይ ነው የተሠራችው፣ በ1900 እ.ኤ.አ. ውሃ ላይ ወረደች፣ በ1902 አለቀች። ከሩሲያ ጋር ሲዋጉ ጠቆር ያለ ግራጫ ነበረች። ስለዚህ ሳጥኑን እመን። የወንድምህ ፎቶ ላይ ያለችው ሌላ ታሪክ አላት፣ እሱን ልንገርህ።

በግንቦት 1897 በኛ አቆጣጠር ሹሺማ በተባለው የባሕር ውጊያ ጃፓኖች ሩሲያን ካሸነፉ በኋላ፣ አራት ወር ሳይሞላት ሳሴቦ ወደብ ቆማ እያለ የጥይት መጋዘኗ ፈንድቶ ሰጠመች። ጦርነት ላይ ከ40 ጊዜ በላይ ተመትታ ያልሰጠመች መርከብ ወደብ ላይ! ከ250 በላይ ሰው ነው ያለቀው። አውጥተው ጠገኗት። በኋላ የዋሽንግተኑ የመርከብ ቅነሳ ስምምነት ሲመጣ መሰበር ነበረባት፣ ለመታሰቢያ ትቅር ተብሎ ቀፎዋ በኮንክሪት ተይዞ ዮኮሱካ ተተከለች። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ደግሞ መድፎቿም ምሰሶዎቿም ተነቅለው የጭፈራ ቤት ሆነች። የጭፈራ ቤት! ባሕርተኛ ሆነህ ይሄን ስትሰማ ያምሃል። ያዳኗት ሰዎች ውስጥ አንዱ አሜሪካዊው አድሚራል ኒሚትዝ ነው፣ የጃፓንን ባሕር ኃይል የደመሰሰው ራሱ። እዚያው ጃፓን ለመሰበር ከመጣች ከቺሊ የጦር መርከብ ላይም ዕቃ ወስደው አሟሉላትና በ1961 እ.ኤ.አ. እንደገና ተከፈተች። እና ወንድምህ የነካው መድፍ የያኔው መድፍ አይደለም፣ ምትክ ነው። ለሞዴልህ የዛሬ ፎቶ መመሪያ አይሁንህ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጠቆር ያለ ግራጫ ስልህ ግን ከሰል አታድርጋት። ትንሽ ዕቃ ላይ ጥቁር ቀለም የበለጠ ይጠቁራል። ትልቁን መርከብ ከሩቅ ስታይ አየሩ በመሃል ያፈካዋል። ነጭ ጨምርበት። ከውሃ በታች ያለው ቡናማ ቀይ ነው። አፍንጫዋ ላይ ያለችውን የንጉሠ ነገሥቱን አበባ ወርቃማ አድርጋት፣ በመጨረሻ፣ እጅህ ሳይንቀጠቀጥ።

ጥላሸት አትርሳ። ከሰል ነው የምትበላው። የጭስ ማውጫዎቿ አፍ ጥቁር ነው፣ ወደ ኋላ ያለው ምሰሶ ላይም ጭሱ ያርፋል። ዝገት ግን እባካችሁ! ኢንተርኔት ላይ የማየው ሞዴል ሁሉ ዝገት ዝናብ የዘነበበት ይመስላል። ሹሺማ ላይ የጃፓንን ባሕር ኃይል የመራው የአድሚራል ቶጎ መርከብ እኮ ናት። እኛ ጋ በአንዲት የዝገት ነጠብጣብ ስንት ሰው ነው ጠዋት ተሰልፎ የተሰደበው። መልሕቁ ከሚወጣበት ቀዳዳ ሥር አንድ ቀጭን መስመር፣ በቃ።

ገመዱን ደግሞ ወጥረህ የክራር ክር አታስመስለው። ገመድ ክብደት አለው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ይረግባል።

ዝም_አልልም፦

ይቅርታ ግን አንድ ሰው ይጠይቅ። ስንት የኛ ታሪክ እያለ የጃፓን መርከብ ምን ይሠራልሃል? እነዚህ ሰዎች እኮ በ1936 እ.ኤ.አ. ጣልያን አገራችንን ወሰድኩ ሲል እውቅና የሰጡ ናቸው። የአድዋን ተራራ ሠርተህ ብታሳየን ይሻል ነበር።

ስስ_እጅ፦

እውቅና መስጠታቸው እውነት ነው፣ ማንም አልካደም። ግን ታሪኩ ከዚያ ይወሳሰባል። ሹሺማ የሆነው ከአድዋ 9 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ እኛ የሩሲያ ወዳጅ ነበርን፣ ከአድዋ በኋላ ቁስለኛ ሊያክሙ አዲስ አበባ ድረስ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ናቸው። እንዲያም ሆኖ የኛ የተማሩ ሰዎች ጃፓን ሩሲያን ማሸነፏን ሲያዩ «እኛስ?» ብለው ጃፓንን አርአያ አደረጉ። በኛ አቆጣጠር የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የጃፓኑ የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ተቀድቶበታል፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚያው ሰሞን መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ድረስ ሄደዋል። አምስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ደግሞ ያልከው መጣ። ሰውየው ግን የጠየቀው ኮላ ነው። የአድዋን ተራራ በ1/350 የሚሸጥ ካገኘህ ሁለት ግዛ፣ አንዱን ለኔ።

የምጽዋው፦

ተዉት፣ ጥያቄው አያስቀይምም። ባሕር ላይ ያለ ሰው የጠላትንም መርከብ ያደንቃል፣ የብስ ላይ ያለ ሰው ይሄ አይገባውም።

ጀማሪው_ባሕርተኛ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጠፋሁ አይደል? ሥራ ላይ ነበርኩ።

ቀፎው ተገጥሟል። ስስ_እጅ እንዳለው ከአፍንጫው ጀምሬ ቀስ እያልኩ ሄድኩ፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ኋላዋ ላይ የቀረው ክፍተት ጸጉር ታክላለች። ስቱኮ ሰፈር ካለ ጋራዥ ለመንኩ። ሰውየው «የት ነው የተጋጨው?» አለኝ፣ መኪና መስሎት። ከኪሴ የጭስ ማውጫውን አውጥቼ ሳሳየው ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ተሰበሰበ፣ አንዱ መካኒክ አሁን ማታ ማታ እየደወለ «መርከቧ እንዴት ናት» ይለኛል።

ጥፋቴንም ልናዘዝ። ፕራይመሩን ክፈፍ ላይ ሞክር ተብዬ ነበር፣ ሞክሬም ነበር፣ ደህና ሆነ። ከዚያ ተማምኜ ከቅርብ ነፋሁት። የግራ ጎኗ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኖ ደረቀ። ሁለት ምሽት ሙሉ ውሃ እያስነካሁ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ ከዚያ ደግሞ የፈተግኩበት ቦታ ላይ የነበሩት ክብ መስኮቶች ደብዝዘው ጠፉ። በመርፌ አንድ በአንድ መልሼ ወጋሁዋቸው። ሁሉም እኩል አይደሉም። ያንን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀምጣታለሁ።

ጋሼ የምጽዋው፣ ግራጫውን እርስዎ እንዳሉት አፈካሁት። መጀመሪያ ያወጣሁት ጥቁሩ በዝቶ ስልክ ላይ ፎቶ ሳነሳት ምንም ዝርዝር አልታይ አለ፣ ነጭ ስጨምርበት መስመሮቿ ሁሉ ወጡ። ዝገት አንድ መስመር ብቻ ነው ያደረግኩት። እርስዎን ፈርቼ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዋናዎቹ መድፎች አፈ ሙዝ ስፋት በእውነት 305 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። እናቴ ጤፍ እያበጠረች አጠገቧ ተቀምጬ ስለነበር አንድ ፍሬ አንስቼ አፉ ላይ አስጠጋሁት፣ ልኩ ነው። ሰውነት የሚያርድ መድፍ ልኩ የጤፍ ፍሬ! እናቴ «አሁን ደሞ በጤፌ ልትተኩስ ነው» ብላ ሳቀች። ያቺን ፍሬ ካየች ወዲህ ግን ጠረጴዛዬን መልስ ማለት አቁማለች። ቅጥል ፀጉሩንም የሰጠችኝ እሷ ናት።

ገመዱ አለቀ፣ መሃሉ ረገብ ብሏል። ሱፐር ግሉ ጉም ሁለት ቦታ ላይ ተወብኝ፣ በግራጫ ነካ ነካ አድርጌ ሸፈንኩት።

የቀረኝ ባንዲራው ነው። ሹሺማ ላይ ቶጎ ያሰቀለውን ምልክት፣ ዜድ የሚባለውን፣ መስቀል ፈልጌ ነበር። ያ ባንዲራ ሲሰቀል የአገሪቱ ዕጣ በዚህ ጦርነት ላይ ነው፣ ሁሉም የቻለውን ያድርግ ማለት እንደነበር አንብቤያለሁ። በስስ ወረቀት ስድስት ሚሊ ሜትር በስድስት ሚሊ ሜትር ቆረጥኩ። አራት ባለ ሦስት ማዕዘን አለው፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር። የትኛው በየት በኩል እንደሆነ ግን አላውቅም፣ ከመመሪያው ላይ ያንን ቁራጭ ወረቀት ድመታችን በልታዋለች። እባካችሁ።

ጥፍር_በጥፍር፦

ጋራዡን ሳነብ በሳቅ ሞትኩ። ድመቷንም።

ባንዲራውን የምጽዋው ያውቃሉ፣ ግን እኔም ለአንድ ደንበኛዬ ጥፍር ላይ ስዬዋለሁ፣ ባሏ ጀልባ አለው። በኤክስ ነው የሚከፈለው። ቢጫው ከላይ፣ ቀዩ ከታች፣ ጥቁሩ ገመዱ በሚታሰርበት በኩል፣ ሰማያዊው በሚውለበለብበት በኩል። መጀመሪያ ሙሉውን ቢጫ ቀባው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀዩን፣ ቀጥሎ ሰማያዊውን፣ ጥቁሩን መጨረሻ። በጥቁር ከጀመርክ ቢጫው ይቆሽሽብሃል።

የምጽዋው፦

ትክክል ብላለች። ስትሰቅለው ዘርግተህ እንደ ሰሌዳ አታድርገው፣ በእርጥቡ እጠፍ እጠፍ አድርገው። ነፋስ እንዳለ ይታይ። የጭሱ ጥላሸት ወደ ኋላ ከሆነ ባንዲራውም ወደ ኋላ ይሁን።

ጀማሪው_ባሕርተኛ፦

ወይ ጉድ፣ ወደ ፊት ነበር ያደረግኩት። ልፈታው ነው።